ለየብቻ የተነገረን

ሶዶ ውስጥ ከገበሬ አቮካዶ እየሰበሰበ ለፋብሪካ በሚልክ አንድ የግል ኩባንያ የተቀጠርኩ ጊዜ ቢሮ ውስጥ ሦስት ነበርን። እኔ ከገበሬ ማኅበራት ጋር የመገናኘቱን ሥራ ያዝኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው የጥራት ተቆጣጣሪ ከደብረ ማርቆስ የመጣ፣ ብዙ የማይናገር ወጣት ነበር። መጋዘኑን የሚመሩት ደግሞ የቦዲቲ ተወላጅ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ አዛውንት ናቸው፤ ሁለታችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

ሐሙስ ሐሙስ ምሳ አብረን እንበላ ነበር። ሐሙስን የመረጥነው ተቆጣጣሪው ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾም ነው። ሥጋው ከቃሪያው ዳጣ ጋር ሲቀርብ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ፣ እሱ ያማትባል፣ ከዚያ ወሬ ይጀመራል። ስለ ገበሬው፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ዋናው መሥሪያ ቤት ያሰብነውን ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዘረግፈው ነበር። የምንፈራው ሰው አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ሽቅርቅር ያለ፣ ሰው ሲያናግር ትከሻ የሚነካ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ ቤተሰብ መሆናችንን ነገረን፤ "እርስዎ" እንዳንለውም አጥብቆ ለመነን። ተቆጣጣሪውና እኔ ለመድነው። ጋሼ ግን ለአለቃ "አንተ" ማለት ከአፋቸው አልወጣ ብሎ፣ ስሙንም ተውላጠ ስሙንም ሳይጠሩ ነገሩን በዘዴ ዙሪያውን እየዞሩ ይናገሩ ጀመር። ቀጥሎ የቢሮውን የእንጨት ግድግዳ አስፈርሶ በመስታወት አስቀየረ። ለግልጽነት ነው አለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማን ከእሱ ጋር እንደተቀመጠ፣ ማን እንደሳቀ፣ ማን አንገቱን እንደደፋ ይታየናል። የሚባለው ግን አይሰማም።

መጠርጠር የጀመርኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ጠዋት ለተቆጣጣሪው፣ ከቤሌ ከተማ ፍሬ የሚያመጣው መኪና አዲሱ የጉዞ ሰዓት ጥሩ እንዳልሆነ፣ ፍሬው ፀሐይ ላይ እየዋለ እንደሚበላሽ ነገርኩት። ጋሼ በአጠገባችን ሲያልፉ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፍ ፈገግ ብሎ፣ "የቤሌው መኪና ፕሮግራም አላማረሽም አሉ" አለኝ።

አሉ። እነማን ናቸው ያሉት? የሰሙኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። ቀና ብዬ ተቆጣጣሪውን አየሁት። ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። ማቀርቀሩም አጠራጠረኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና በሩን ዘጋ። ከጠረጴዛው ኋላ አልተቀመጠም፤ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ መጣ። ቅርንጫፉ ምክትል ሊኖረው መሆኑን፣ ለቦታው እኔን እንዳሰበና ሐሳቡንም ወደ ላይ ማቅረቡን ነገረኝ። ደስታዬን ለመደበቅ ሞከርኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ይቺን ነገር ለማንም እንዳትነግሪ። በተለይ ጥራት ላይ ያለው ልጅ በበጎ ዓይን አያይሽም። እዚህ ቤት የማምነው አንቺን ብቻ ነው።"

ስወጣ ተቆጣጣሪው ምን እንደተባልኩ በዓይኑ ጠየቀኝ። ስለ ማኅበራቱ ነው አልኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ ወዲያ የመስታወቱን ክፍል ማየት ሥራዬ ሆነ። ተቆጣጣሪው ገብቶ ቆይቶ ሲወጣ ፊቱን አነብባለሁ። ጋሼ ገብተው ሲወጡ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሻሹ ወደ መጋዘን ሲወርዱ አያለሁ። ማኅበራት ጋር ስደውል ድምፄን እቀንሳለሁ፣ ወይም ደረጃው ጋ ወጥቼ አወራለሁ። ሻይ ላስመጣልሽ ወይ ቢለኝ ተቆጣጣሪው፣ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ሐሙስ ሲደርስ አንዱ ራሴን አመመኝ ይላል፤ ሌላው እንግዳ አለብኝ ይላል። አንድ ሐሙስ ብቻዬን ባጃጅ ይዤ ቤቴ ሄጄ ምሳዬን በላሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ ማንም ስለ ምሳ አላነሳም።

አንድ ቀን ተቆጣጣሪውና እኔ ቤሌ የሚገኘውን የፍሬ መሰብሰቢያ አብረን እንድናይ ታዘዝን። ስንሄድ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ተቀምጠን፣ ሹፌሩ ብቻ ነበር የሚያወራው። ሥራችንን ጨርሰን ስንመለስ መኪናው ዳገት ላይ ጭስ ተፋና ቆመ። ሹፌሩ የሚቀየር ዕቃ ለማምጣት አንድ ሞተር ሳይክል አስቁሞ ወደ ሶዶ ሄደ። እኛ መንገድ ዳር ያለች ሻይ ቤት ገባን። ባለቤቷ በቆሎ ጠብሳ አቀረበችልን። ረጅም ጊዜ የመንገዱን መኪና ስንቆጥር ቆየን።

በመጨረሻ እሱ ተነፈሰ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጋሼና አንቺ በወላይትኛ ስታወሩ እኔ ስገባ ለምን ታቆማላችሁ?"

የምናቆመውማ ወደ አማርኛ ለመቀየር ነው። እሱ ባለበት በማይሰማው ቋንቋ ማውራት ነውር ነው ብለው ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ይህንኑ ነገርኩት። በቆሎውን አስቀምጦ አየኝ።

"እኔ ደግሞ ስሜን ስታነሱ ደርሼባችሁ ወሬ የምትቀይሩ ነው የመሰለኝ" አለ። ቀስ ብሎም ጨመረ፦ "እንደዚያ ነው የተነገረኝ።"

ማን እንደነገረው አልጠየቅኩትም። ሐቁን ልናገር ብል፣ ያን ጊዜም አላመንኩትም ነበር። ሆን ተብሎ አብሮኝ ተልኮ፣ የምለውን ይዞ ሊመለስ ይችላል ብዬ አሰብኩ። መኪናው መበላሸቱ ሳይቀር አጠራጥሮኛል። ስለዚህ ሻዬን እየጠጣሁ እሱ ይቅደም ብዬ ጠበቅሁ።

ቀደመ። ምክትል እንደሚሆን ቃል እንደተገባለት፣ ለማንም እንዳይናገር እንደታዘዘ፣ እኔ በበጎ ዓይን እንደማላየው እንደተነገረው ዘረዘረ። "‘የማምነው አንተን ብቻ ነው’ አለኝ" ሲል ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ተቆጣ። ከዚያ ለእኔም የተነገረኝን ቃል በቃል ነገርኩት። ቁጣው ከፊቱ ሲወርድ አየሁት። ሁለታችንም ተመሳሳይ ወንበር ላይ፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ያው ቦታ ቃል ተገብቶልናል።

"ታዲያ የቤሌውን መኪና ነገር ማን ነገረው?" አልኩት።

"እኔ አይደለሁም" አለ። አነጋገሩ መሐላ ቢመስልም፣ ልቤ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። የቀረን ሰው አንድ ነበር።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ለስብሰባ ወጣ ሲል ሁለታችንም ወደ መጋዘን ወረድን። ጋሼ ሣጥኖች እያስደረደሩ ነበር። አብረን ስንመጣ ሲያዩ ሠራተኞቹን ሻይ ጠጡ ብለው አሰናበቱ። ሳንጠይቃቸው ገባቸው መሰለኝ።

"እኔ ነኝ" አሉ። የጡረታ ዕድሜያቸው ደርሷል። ሥራ አስኪያጁ፣ ወጣቶቹ ሽማግሌው ይውጣልን እያሉኝ ነው ብሏቸዋል። እሱ ግን ሊያቆያቸው እንደሚፈልግ፣ የቢሮውን ሁኔታ እየነገሩ ቢያግዙት ኮንትራታቸውን እንደሚያድስላቸው ቃል ገብቶላቸዋል። የመጨረሻ ልጃቸው ገና ዩኒቨርሲቲ ናት። "ወሬ እንጂ ክፉ ነገር አልነገርኩም እያልኩ ራሴን አታለልኩት። እሑድ ለምእመናን ስለ ሐሜት እያስተማርኩ ሰኞ እሱ ጋ እገባለሁ።"

ተቆጣጣሪው ተቆጥቶ ወጣ። እኔ ቆየሁ። ማናችንም እንዲወጡ ጠይቀን እንደማናውቅ ነገርኳቸው። ሣጥን ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። አዘንኩላቸው። ግን ያን ደቂቃ እንኳ፣ ይህንንስ ነገ ይነግሩት ይሆን ወይ የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ።

ተቆጣጣሪው ሲበርድለት ሦስታችንም አንድ ነገር ተስማማን። ከእንግዲህ ሥራ አስኪያጁ ስለ አንዳችን ለሌላው ሲናገር፣ ሰውየው ተጠርቶ አብረን እንስማ እንላለን። ቀላል ይመስል ነበር። ተራው ቀድሞ እኔ ላይ ወደቀ። ጠራኝ፣ በሩን ዘጋ፣ ወንበሩን ሳበ፣ ተቆጣጣሪው ስለ እኔ አንድ ነገር ብሏል ብሎ ጀመረ።

"እንጥራውና አብረን እንስማው" አልኩ።

ፈገግታው ባለበት ቀረ። በመስታወቱ በኩል ተቆጣጣሪው ቀና ብሎ ያየናል። ሥራ አስኪያጁ ውኃ ጎንጨት አለ። "አስፈላጊ አይደለም። ለአንቺ ብዬ ነው" አለና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ኋላ መለሰ። ከዚያ በኋላ አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም። በደግነት አነጋግሮኝም አያውቅም።

ምክትል ሆኖ የመጣው ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ ሰው ነው። ቦታው ለእሱ የተያዘው ሥራ አስኪያጁ እኛን ሳያናግር በፊት እንደነበር በጨዋታ መሐል ራሱ ነገረን። የጋሼ ኮንትራት አልታደሰም። ሥራ አስኪያጁ ግን ቅርንጫፉን በአንድ ልብ አሠርቷል ተብሎ ወደ ላይ አደገ። የሽኝቱ ዕለት፣ ጋሼም ተጋብዘው፣ ሦስታችንም አጨበጨብን፤ ሌላ ምን ይደረጋል።

የሐሙሱን ምሳ እንደገና ሞክረን ነበር። ጋሼ ከቦዲቲ ድረስ መጡ። ሥጋው ያው ነው፣ ዳጣውም ያቃጥላል። ነገር ግን ወሬው ስለ ዝናብና ስለ ልጆች ብቻ ሆነ። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ማንም ደግሞ ሐሳቡን አልዘረገፈም። ተቆጣጣሪው በዓመቱ አገሩ ሥራ አግኝቶ ሄደ። በየበዓሉ እንደዋወላለን።

እኔ አሁን እዚሁ ሶዶ ሌላ ኩባንያ ውስጥ ነኝ። አለቃዬ ከሐዋሳ የመጣች፣ በሯን የማትዘጋ ሴት ናት። በሯን ስለማትዘጋም ጠረጠርኳት፤ ምን ልትሰማ ነው እያልኩ። በቅርቡ ምሳ ልጋብዝሽ አለችኝ። ስለ ማን ልትጠይቀኝ ነው? ስለ ሒሳብ ሠራተኛዋ ነው ወይስ ስለ አዲሱ ልጅ? መልሴን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ሄድኩ።

ምግቡ መጣ፣ በላን፣ እጃችንን ታጠብን። ምንም አልጠየቀችኝም። ሒሳብ ከፍላ ልንወጣ ስንል፣ ውኃ የማይጠፋበት የሚከራይ ቤት የት ሰፈር እንደሚገኝ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። ሌላ ነገር ይከተል ይሆናል ብዬ ጥቂት ጠበቅሁ። አልተከተለም። ቅዳሜ አብሬያት ዞሬ ቤት አፈላለግኩላት።