የእንግዳ እጅ ውኃ

ወይዘሮ አሰገደች አልተውም ያሉት ነገር ቢኖር፣ በእንግዳ እጅ ላይ በገዛ እጃቸው ውኃ ማፍሰስን ነው። በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. በአሰላ የሚሠሩበት ምግብ ቤት ባለጎማ ቧንቧ ሲያስገባ፣ ማስታጠቢያውን አስቀምጠው ጎማውን ያዙ። የጎማውን እጀታ ሲጫኑት ከቧንቧው አፍ የሚወርደው ውኃ ይቆምና በጎማው በኩል ይረጫል። ከክረምቱ ጎርፍ በኋላ ግን ውኃው አልታዘዝ አለ፤ በአፉ ይወርዳል፣ ጎማው ያንጠባጥባል እንጂ አይረጭም።

«እትዬ አሰገደች፣ ጎማውን ቆርጬ ልጣለው። እንግዳው ራሱ ይታጠብ፣ እርስዎም ይረፉ» አለ የምግብ ቤቱ ወጣት ባለቤት ሙህዲን።

ማረፍ ማለት መሰናበት መሆኑን አላጡትም። ፒንሳ አንሥተው ቧንቧውን ፈቱ፤ ውኃውን ወደ ጎማው የምትመልሰውን ትንሽ መዝጊያ አወጡ። ጎርፉ ያመጣው የጭላሎ ተራራ አሸዋ ጠቅጥቋት አላንቀሳቅስ ብሏት ኖሯል። አጥበው መለሷት፤ እጀታውን ሲጫኑት ውኃው የሙህዲንን ሸሚዝ አራሰው።

«ኧረ በአላህ! እንግዳው እጅ የለውም እንዴ?» አለ እየሳቀ።

«እጅማ አለው፤ ከኢተያ ድረስ አቧራ ለብሶ የመጣ እጅ ነው። አንተ ምግቡን ሽጥለት፤ ክብሩን ግን የምሰጠው እኔ ነኝ። እኔ በእግሬ ቆሜ ሳለሁ፣ እዚህ ቤት የገባ እንግዳ ለብቻው አይታጠብም!»