የሰይድ ጃፓን አባት፣ ከሐይቅ

የጋዜጣ ወኪል ሆኜ ሥራ የጀመርኩት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት በሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ትኬት እቆርጥ ስለነበር ቦታው አዲስ አልሆነብኝም። ከደሴ የመጣው ሚኒባስ ረዳት በሲባጎ የታሰረ ጥቅል ወረወረልኝ። ፈትቼ ጋዜጦቹን ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ደረደርኳቸው። በዚያ ቀን የገዛኝ ሰው የለም። የሐይቅ ሰው ጋዜጣ ተከራይቶ፣ እዚያው ቁጭ ብሎ አንብቦ፣ አጣጥፎ ይመልሳል።

ወኪል ማለት ግን ሻጭ ብቻ አይደለም። ጋዜጣችን የውጭ ዜና ገጽ ነበረው፤ ከዜናው ሥር የአንባቢያን አስተያየት ይወጣል። አስተያየቱን ከየከተማው ሰብስቦ በስልክ ማጻፍ የወኪሉ ሥራ ነው። የገጹ አዘጋጅ አዲስ አበባ ያለች ሴት ነበረች፤ በዚያው ቀን ደውላ ደንቡን ነገረችኝ።

«አስተያየቱ ስለ ዜናው ይሁን። ባለቤቱ ራሱ ይናገረው። ስምና ቦታ ይኑረው፤ ስም የሌለው አስተያየት ወሬ ነው» አለችኝ።

ወቅቱ ለውጥ መጣ የተባለበት ነበር። ከዚያ በፊት የእኛ አገር ሰው ዝናብ ይዘንብ ይሆን ተብሎ ሲጠየቅ እንኳ ግራ ቀኙን አይቶ ነበር የሚመልሰው። አሁን «ስሜን በትልቁ ጻፈው!» የሚል በዛ። የጃፓን ንጉሠ ነገሥት በፈቃዳቸው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለቀቁ የሚል ዜና የወጣ ሳምንት አግዳሚው ለሰው አልበቃም። አንድ ገበሬ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ።

«ሳይገለበጡ?» አለኝ።

«ሳይገለበጡ።»

«እንግዲያው ልጁ ጨዋ ነው» አለ። እንዳለው ጻፍኩት፣ እንደጻፍኩትም ወጣ።

ከሁሉም የማይቀረው ሰይድ ይማም ነበር። ከሐይቅ ውጫሌ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። መኪናው እሱ ሳይወለድ ጃፓን ውስጥ የተሠራች ነበረችና እንደ ታላቅ እህት ነበር የሚያከብራት። ከኋላ መስታወቷ ላይ «ጃፓን» ብሎ በቀይ ቀለም አጽፏል። በዚያ መስመር የሚሳፈር ሁሉ ሰይድ ጃፓን ይለዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ይወርድና፣

«ጋሽ በላይ፣ ጃፓን ምን አለች?» ይለኛል።

«ሞተር አጥፋ እንጂ፣ ነዳጅ በነፃ ነው እንዴ?»

«ቶሎ እነሣ የለ! የጃፓን ሞተር ሲያጠፉት ነው የሚከፋው።»

አንድ ጊዜ፣ ጃፓን ውስጥ ባቡር ከሰዓቱ በጥቂት ሰከንድ ቀድሞ ስለወጣ ተሳፋሪዎች ይቅርታ ተጠየቁ የሚል ዜና ነበር። ሰይድ ከት ብሎ ሳቀና አስተያየቱን አስጻፈኝ፦ «እኔ መኪናዬ ሳይሞላ ወጥቼ አላውቅም። ተሳፋሪዎቼን በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰይድ ይማም፣ ከሐይቅ።» የወጣውን ቆርጦ ከፊት መስታወቱ በላይ ለጠፈው። ተሳፋሪዎቹ ቁራጩን እያሳዩ «በል እንግዲህ ውጣ!» እያሉ መከራውን አበሉት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ሩቅ ነበር፤ ግን አግዳሚው ላይ ሰው ከሰው ይጣላ ጀመር። እኔም ትዕግሥት የለኝምና «ስለ አገር ቤት የሚያወራ ይነሣልኝ፤ ስለ ውጭ አገር እንደልባችሁ» አልኩ። የውጭውንም ቢሆን መናገሩን አልተዉም፤ ሲያበቁ ግን «ስሜን ተወው» ይላሉ። ያ የጥንቱ ፍርሃት ተመለሰ። ስም የሌለውን አልልክም ነበርና የሐይቅ አስተያየት ሳሳ። ስሙን የማይደብቀው ሰይድ ብቻ ነበር። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ያለ ተመልካች ሲካሄድ «ሰው ሳያያቸውም ሮጡ፤ ጉብዝና ይኼ ነው» ብሎ አስጻፈኝ። በዚያን ጊዜ ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ ፍራሹን ተሸክሞ በፊታችን ያልፍ ነበር።

በጥቅምት እኛም ጋ ደረሰ። ሰይድ ከአምባሰል የሚሸሹ ሰዎችን ላምጣ ብሎ ወደ ውጫሌ ወጣ። «አንድ ምልልስ ነው» አለኝ በመስኮት። አልተመለሰም። ከተማዋ ተያዘች፣ ስልክና መብራት ተቋረጠ፣ ጋዜጣም ቀረ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልጽፍም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ላላየው ደግሞ አልመኝለትም።

መንገዱ ተከፍቶ ጥቅሉ እንደገና ሲመጣ አግዳሚው ለማገዶ ሄዶ ነበር። ጋዜጦቹን ድንጋይ ላይ ዘረጋሁ። መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ይማም ናቸው፣ የሰይድ አባት። ሐይቁ ዳር መረብ የሚጥሉ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ናቸው። ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ውጫሌን፣ የሆስፒታሉን አልጋ ሁሉ አዳርሰው ልጃቸውን አላገኙትም።

«በላይ፣ ጃፓን ምን አለች?» አሉኝ።

ገጹን ገልጬ አነበብኩላቸው። ዜናው ወጣቶቹ ከተማ ገብተውበት ሽማግሌዎች ብቻ ስለቀሩበት አንድ የጃፓን መንደር ነበር። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«ልጆቻቸው የት እንዳሉ ያውቃሉ አይደል? አልሐምዱሊላህ ይበሉ። ይኸን ጻፍልኝ። በሰይድ ስም።»

«ጋሽ ይማም፣ ባለቤቱ ራሱ ካልተናገረ አይቀበሉኝም።»

«ስማኝ» አሉኝ። «ጋዜጣ እናንተ አንብባችሁ ስትጨርሱ ነው አገር የሚዞረው። ስኳሩም ጨውም የሚጠቀለለው በሱ ነው። እስር ቤትም ይሁን፣ ታሞም ይሁን፣ እጁ ከገባ ቤቱ እንዳለ ያውቃል። እሱ ባያይ የሚያውቀው ያያል። ሌላ ምን አለኝ?»

ለአዘጋጇ ደወልኩ። «ይኼ እኮ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ነው። በሌለ ሰው ስም አላትምም» አለችኝ። ተከራከርን። በመጨረሻ «የሰይድ ይማም አባት ብለን እናውጣው» ተባባልን። ለጋሽ ይማም ስነግራቸው ተቆጡ።

«ሰይድ ይማምማ ስንት አለ! ከዚህ እስከ ውጫሌ ድንጋይ ብትወረውር የምትመታው ሰይድ ነው። ሰይድ ጃፓን በል!»

እንደገና ደወልኩ። «በቅጽል ስም አናትምም፤ አንባቢ ይስቅብናል» አለችኝ።

«የሚስቅ ካለ እኔ ጋ ላኪው» አልኳት። እንዲህ ጮኼባት አላውቅም። «እሺ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ንገረኝ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ይማም አንድም ቅዳሜ አልቀሩም። ስለ ጃፓን ከወጣ አስተያየት ይሰጣሉ፣ ካልወጣ ቅር ብሏቸው ይሄዳሉ። «አብሽር፣ በሚቀጥለው ይወጣ ይሆናል» ይሉኛል፤ ማጽናናቱ የእኔ ተራ መሆኑ ቀርቶ።

በክረምቱ፣ ጃፓን ውስጥ አንድ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሕዝብ ፊት ንግግር ሲያደርጉ በጥይት ተገደሉ። ዜናው ሙሉ ገጽ ያዘ፤ አበባ ለማስቀመጥ የተሰለፈ ሕዝብ ፎቶም ነበረው። ጋሽ ይማም ፎቶውን ብዙ አዩት። ከዚያ ቀስ እያሉ አስጻፉኝ፦

«አላህ ለቤተሰቡ ሶብር ይስጥ። የወደቀበትን ያውቃሉ። የገደለውን ያውቃሉ። አበባውን የሚያኖሩበት አላቸው። እኔ ልጄ ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይኑር ይሙት አላውቅም። ሰው በሐዘን ይቀናል? እኔ ቀናሁ። የሰይድ ጃፓን አባት፣ ከሐይቅ።»

በስልክ አነበብኩላት። አዘጋጇ አንድ ቃል ሳትነካ አወጣችው።

መስከረም ሲጠባ አንዲት ጥቁር ነጠላ ያደረገች ሴት ከውጫሌ ሚኒባስ ወረደች። የሰይድ ጃፓንን አባት የሚያውቅ እያለች ስትጠይቅ ወደ እኔ መሯት። በእጇ ስኳር የተጣበቀበት ቁራጭ ጋዜጣ ይዛ ነበር። ዘነበች ትባላለች፤ ከመንገድ ርቆ ካለ የአምባሰል ቀበሌ ነው የመጣችው። ስኳሩን ገልብጣ ወረቀቱን ልትጥል ስትል ልጇ አነበበችላት።

«ልጁን አውቀዋለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ። ፊቷን አይቼ ሌላ አልጠየቅኋትም። ጋዜጦቹን ሰብስቤ ይዣት ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ያን ያህል የከበደኝ መንገድ የለም።

ጋሽ ይማም መረብ እየጠገኑ ነበር። ወረቀቱን በእጇ ሲያዩ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«አባቴ፣ እኔን ሲያሸሸኝ ነው» አለች። «ከውጫሌ ወዲህ ካለው ዳገት ጎማ ፈነዳብን። ሊቀይር ወረደ። ጥይት ከየት እንደመጣ አላየንም። አልተሰቃየም። የማን ልጅ እንደሆነ ከመሀላችን የሚያውቅ አልነበረም፤ ሰይድ ጃፓን ሲባል ብቻ ነው የሰማነው። ወገኖቹ ሰምተው ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩ። እስካሁን እንደሚጠብቁት ያወቅኩት ከዚህ ወረቀት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«ጀናዛው ተሰገደበት?»

«አንድ ሙስሊም አዛውንት አብረውን ነበሩ። እሳቸው ሰገዱበት፣ እኛ ቆፈርን። ከግራሩ ሥር ነው፤ ድንጋይ አድርገንበታል።»

«መኪናዋስ?»

«መንዳት የሚችል አልነበረም፣ በእግራችን ሄድን። ሞተሩን ሳያጠፋ ነበር የወረደው። ቀብረነው ስንመለስም ይሠራ ነበር።»

ጋሽ ይማም መረቡን አጥብቀው ያዙት።

«ቶሎ ሊነሣ ነበራ» አሉ። ከዚያ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ።

በማግስቱ ሦስታችንም ግራሩ ጋ ሄድን። ጋሽ ይማም ዱዓ አደረጉ፣ ዘነበች በበኩሏ አማተበች። በሳምንቱ ሰደቃ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኋቸውም ነበር። ቅዳሜ መጡ። ጃፓን ምን አለች አሉኝ። ስለ አውሎ ነፋስ አነበብኩላቸው፤ ቤት ስለፈረሰባቸው ሰዎች ነበር። «አላህ ይጠግንላቸው» ብለው አስጻፉኝ።

«በማን ስም ላድርገው?» አልኳቸው።

«በራሴ። ይማም አሊ፣ ከሐይቅ» አሉ።

ጥቂት ቆይቶ የወረቀት ዋጋ አልቀመስ ብሎ ጋዜጣው ተዘጋ፣ የእኔም ሥራ በዚያው አበቃ። አሁን አስተያየቱ ሁሉ በስልክ ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ስሙም ቦታውም የፈጠራ ነው። ይኸን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አንድ ነገር ነው። አስተያየት በሳምንቱ ያረጃል። የተናጋሪውን ስም ሰው በሚጠራበት አጠራር ጻፉት፣ ቦታውንም አትርሱ።