ጠቋሚ የሌለው ሰዓት ዋጋ

ተማሪዎቿ ቲቸር ገበያ ይሏታል። ስሙን ያገኘችው በሥራዋ ነው። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ዴስኮቹን ሁለት ሁለት አጋጥማ ሱቅ ታደርጋቸዋለች፤ ግማሹን ተማሪ ባለሱቅ፣ ግማሹን ደንበኛ አድርጋ «በሉ ተከራከሩ» ብላ ትለቃቸዋለች። ሸቀጡ የሚመጣው ከቤቷ ነው፦ የተሰበረ ጃንጥላ፣ ክዳን የሌለው ቴርሞስ፣ ጠቋሚዎቹ የወለቁ የግድግዳ ሰዓት፣ የባሏ የግራ እግር ጫማ። የቀኙ ቤት ቀርቷል፤ ባልየውም የጎደለውን ጫማ እዚያው ቤት እየፈለገ ነው።

ይህን የምታደርገው ጤና አጥታ አይደለም። እሷን ያስተማሯት መምህር ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌዳ ይሞላሉ፣ ያጠፋሉ፣ ደግመው ይሞላሉ፤ ተማሪው ይገለብጣል። ስትገለብጥ አድጋ ዲፕሎማዋን በያዘች ሰሞን፣ አንድ የውጭ አገር ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ፋርማሲ የት እንደሆነ ጠየቃት። ሰዋስዉን አብጠርጥራ ታውቀዋለች፤ ከአፏ ግን አንድ ቃል አልወጣም። በጣቷ ጠቆመችው፤ ያውም ወደተሳሳተ አቅጣጫ። ሀፍረቱ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። እኔ ያስተማርኩት ልጅ እንዲህ ተገትሮ አይቀርም ብላ ማለች።

ችግሩ ግድግዳው ነው። ክፍሏን ከጎረቤት ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ከዚያ ማዶ ሂሳብ ይሰጣል። የሂሳብ መምህሩን ልጆቹ ጋሽ ጭጭ ይሉታል፤ እሱ ክፍል ዝንብ እንኳ የምትበረው አስፈቅዳ ነው። ይህ ሰው ደግሞ ባሏ ነው። እሳትና ጭድን አንድ ጣሪያ ሥር ማን እንዳስገባቸው እንግዲህ ያጋባቸው ይጠየቅ።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራት። «የጎረቤት ክፍል መምህሩ ከጩኸቱ የተነሳ ማስተማር አልቻልኩም ብለዋል» አላት። «ጩኸቱ ይቁም። በወሩ መጨረሻ እኔው መጥቼ አያለሁ። ልጆቹ ፊቴ እንግሊዝኛ ካልተናገሩ ክፍሉን ለሌላ ሰጥቼ እርስዎን ቤተ መጻሕፍት አስቀምጣለሁ።» ያ ሌላ መምህር ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ሰሌዳ የሚያስገለብጠው ነው። የከሰሳትንም ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለጋትም። በአንድ በኩል ያላት ጎረቤት ባሏ ነው፤ በሌላው በኩል መጸዳጃ ቤት ነው።

ራት ላይ ጠየቀችው። «አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እቤት ልትነግረኝ አትችልም ነበር?»

«የቤት ጉዳይ አይደለማ። የሥራ ጉዳይ ነው» አለና ጨው እንድታቀብለው ጠየቃት። እያረረችም አቀበለችው።

በማግስቱ አዲስ ደንብ አወጣች። ገበያው በሹክሹክታ ይሆናል፤ ድምፁ ግድግዳውን ያለፈ ባለሱቅ ከስሯል። ልጆቹ ጆሮና አፍ ገጥመው ዋጋ መከራከር ጀመሩ። ጉድ የመጣው ይሄኔ ነው። ከኋላ ወንበር ለቀልድ ሬዲዮ የሚሏት ልጅ ነበረች፤ ዓመቱ ሲጀመር አንድ ቃል ተሳስታ ክፍሉ ስለሳቀባት አፏን ከዘጋች ሰንብታለች። በሹክሹክታ ግን ማን ይስቅባታል? የሚሰማት አንድ ደንበኛ ብቻ ነው። ያን ጠቋሚ የሌለው ሰዓት ይዛ ቁጭ አለች፤ ሦስት መቶ ካለች ሦስት መቶ ነው። ጉድለቱን ለሚነግራት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፦ «ይህ ሰዓት አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም።»

ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ ይሄኛው ግን አንድ ክፍል ሙሉ ጆሮ አበቀለ። ለጩኸቱ ደንታ ያልነበራቸው የሂሳብ ተማሪዎች ሹክሹክታው ሲጀመር አንድ በአንድ ወደ ኮምፔንሳቶው ተጠጉ። የጋሽ ጭጭ የጠመኔ ድምፅም አልፎ አልፎ ቀጥ ይል ጀመር።

«ሰዓቱ ተሸጠ?» አለ ባሏ አንድ ማታ፣ ከሚያርመው ደብተር ቀና ሳይል።

«አልተሸጠም። ከሦስት መቶ አልወርድም ብላለች።»

«ውድ ነው» አለና ማረሙን ቀጠለ።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ከኋላ ተቀመጠ። ገበያው ተከፈተ፤ እሱ የሚሰማው ግን ነፋስ የነካው ቅጠል የመሰለ ነገር ብቻ ነው። «ጮክ ብላችሁ» አለ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ሰዓቱን ታቅፋ ፊት ለፊት የቆመችው ሬዲዮ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ቲቸር ገበያ ያን ፋርማሲ የጠፋበትን ሰው አስታወሰች፤ ልጅቷ የቆመችው እሷ ያኔ የቆመችበት ቦታ ነው። ያደረስኳት እዚህ ነው ለካ ብላ ልቧ ተሰበረ። ዳይሬክተሩ እስክሪብቶውን ከድኖ ተነሳ።

ይሄኔ ከግድግዳው ማዶ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ በአሳዛኝ እንግሊዝኛ፣ «ያ ሰዓት ዋጋው ስንት ነው?» አለ።

ሬዲዮ ወደ ኮምፔንሳቶው ዞረች።

«ሦስት መቶ» አለች፣ በእንግሊዝኛ፣ ለራሷ እስኪገርማት ጮክ ብላ።

«ውድ ነው። ጠቋሚ የለውም።»

«ይህ ሰዓት አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም።»

ከማዶ ሳቅ ፈነዳ። ከወዲህም ሳቁ፤ በእሷ ግን አልነበረም። ወዲያው የሂሳቡ ክፍል ስለ ጃንጥላው ጠየቀ፣ ስለ ቴርሞሱ ጠየቀ፤ እነዚህም ግድግዳው እስኪርገበገብ መለሱ።

ዳይሬክተሩ በአንድ ወገን የቃላቱን ብዛት እየሰማ፣ በሌላ ወገን ጩኸት ይቁም ማለቱ እያሳፈረው፣ ወጥቶ የማዶውን በር ከፈተ። «መምህር፣ ከጩኸቱ የተነሳ ማስተማር አልቻልኩም ብለውኝ አልነበረም?»

«አሁንም አልቻልኩም» አለ ጋሽ ጭጭ።

ክፍሉ ለቲቸር ገበያ ጸና። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ለሂሳብ መምህሩ ነው።

ራት ላይ፣ «የዛሬው የሥራ ጉዳይ ነበር?» አለችው።

ጉርሻውን አኝኮ ዋጠ። «አይደለም» አለ። «የቤት ጉዳይ ነው።»

እንባዋ መጣ። ተነስታ ከቦርሳዋ የግራ እግር ጫማውን አወጣችና እግሩ ሥር አኖረችለት።

ጎንበስ ብሎ አየው። «ነገ በግድግዳው በኩል ልከራከርበት ነበር» አለ።