ንቦቹ በክረምት የሚበሉት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ኮምቦልቻ፣ ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ አንዲት ሴት በሱቋ ደጃፍ በጣሳ የተከለችውን በሶብላ በቀሚሴ ነክቼው አለፍኩ። ሽታው ብን ብሎ ሲወጣ ጥቂት ሄጄ ተመለስኩ። በሶብላው አብቧል፤ ወይን ጠጅ በመሰለው ዘለላ ላይ አንዲት ንብ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወረች ትለቅማለች። ባለ ሱቋ ጎንበስ ብዬ ሳይ የታዘብኳት መስሏት፣ «ሳልቀጥፈው አበበብኝ፣ ከእንግዲህ ለበርበሬ የሚሆን አይመስለኝም» አለችኝ። «ተይው፣ ለሌላ ሰው ምሳ ሆኗል» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ፤ እኔም ላስረዳት ብል ይመሽብኝ ስለነበር ሳቅ ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ያደግሁት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ነው። የእኛ ግቢና የእትዬ ሐዋ ግቢ ጎን ለጎን ሆነው መሃላቸው የሸንበቆ አጥር ነበር፤ አጥር ይባል እንጂ ዶሮውም ልጁም በፈለገው ቀዳዳ የሚሾልክበት፣ በረመዳን ሾርባ፣ በፋሲካ ዳቦ የሚተላለፍበት ነገር ነበር። የእትዬ ሐዋ ባለቤት ጋሽ ይመር የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ፣ ከሰው ጋር እምብዛም የማያወሩ ሰው ናቸው፤ ከጓሮው ግድግዳ ጣሪያ ሥር ከሰቀሉት ቀፎ አጠገብ ሲቆሙ ግን አፋቸው ይፈታል። ቀፎው ከሸንበቆ ተሠርቶ በእበት የተለሰነ፣ ረዘም ያለ ነበር። ጋሽ ይመር ከመንገድ ሲመለሱ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ እዚያ ሄደው፣ ስለ ጭነቱ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ መንገዱ ጉም ለንቦቹ ሲነግሩ በአጥሩ ቀዳዳ እሰማቸው ነበር።

አንድ ጥር ላይ ታመው ሳይቆዩ አረፉ። ያ በጋ እንደምንም አለፈ። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ፣ ከእትዬ ሐዋ ጓሮ ከወትሮው የበረታ ድምፅ ሰምተን ወጣን። ንቡ እንደ ጭስ ከቀፎው እየተግተለተለ ወጥቶ፣ ከጣሪያው በላይ ትንሽ ዞሮ፣ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ ኮበለለ። እትዬ ሐዋ ሻሻቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሱም ሄደ፤ እነሱም ተከተሉት» አሉ። ከዚያ ገቡና የጓሮውን በር ዘጉት። በሩ ሰነበተ እንደተዘጋ። እናቴ ምሳ ይዛ ስትሄድ ሳህኑ ሳይነካ ይመለሳል፤ ልጃቸው ሰይድ ከኮምቦልቻ መጥቶ ቢለምናቸውም ከአልጋቸው የሚነሱት ለሰላት ብቻ ሆነ።

መስከረም ላይ ሌላ መንጋ መጥቶ ባዶው ቀፎ ውስጥ ገባ። ጋሽ ይመር የተመለሱ ያህል ነበር ደስታው። እትዬ ሐዋ በሩን ከፈቱ፣ መብላት ጀመሩ፣ እንደ ባላቸው ቀፎው ሥር ቆመው ማውራት ሁሉ ለመዱ። የሚቀጥለው ሐምሌ ሲደርስ ግን እነዚያም ሄዱ።

«ይኼ ቤት የሚቀመጥበት የለም እንግዲህ» አሉ እትዬ ሐዋ። «አላህ ያለው ነው።»

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የተቀደደ ነገር ስታይ ከየት እንደተቀደደ ሳታውቅ መርፌ የማታነሳ ሰው ነች። አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ «እትዬ ሐዋ፣ ጋሽ ይመር እያሉ በክረምት ሄደው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች።

«ወላሂ ሄደው አያውቁም።»

«ታዲያ እሳቸው በክረምት ምን ያደርጉላቸው ነበር?»

እትዬ ሐዋ አሰቡ። «ጠዋት ጠዋት ሳህን ይዞ ይወጣ ነበር። የራሱ ጉዳይ ነው ብዬ ጠይቄውም አላውቅ። ሲመለስ ሳህኑ ባዶ ነው፤ አንዳንዴ ዳር ዳሩ ላይ ሽሮ ይቀርበታል።» ከዚያ ቀና አሉ። «ስኳር። በክረምት ስኳሬ የሚያልቀው እንዲያ ነዋ። እኔ እኮ ሰይድን ነበር የምቆጣው።»

ጋሽ ይመር ለካስ ሽሮና ስኳር እያሹ ሲመግቧቸው ኖረዋል። ሁለቱ ሴቶች ተያይተው መሳቅ ጀመሩ፤ እትዬ ሐዋ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ሳይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር። ስኳር እንደልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን፣ ከመንገድ ይዞ የሚመጣ ሾፌር በሌለበት ቤት ንብ መቀለብ የሚታሰብ ስላልነበር እናቴ፣ «እንግዲያው አበባውን እንትከልላቸው» አለች። የትኛውን አበባ፣ በየትኛው ወር የሚለውን ግን ማንኛችንም አናውቅም ነበር።

መስከረም ላይ ሌላ መንጋ ቀፎው ውስጥ ሲገባ፣ እናቴ እየሰፋች ንቦቹን ለማየት የስፌት መኪናዋን ወደ በረንዳ አወጣች፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ አበባ ሥር ተቀምጬ ማን እንደሚመጣ ማየት ሆነ። እንዲህ ያለ ሥራ ለልጅ ይሰጣል? በደስታ ላብድ ምንም አልቀረኝ። መጀመሪያ የተገረምኩት በእትዬ ሐዋ ጽጌረዳ ነው። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ የሚያደንቀው፣ ጎመን የሚያህል ድርብርብ ጽጌረዳ ነበር፤ ንቦቹ ግን በላዩ ያልፋሉ እንጂ ዞር ብለውም አያዩት። ወደ ገራዶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አቧራ የለበሰው፣ ስስና ነጭ የቀጋ አበባ ላይ ግን ይጋፋሉ። እናቴ አንዱን ጽጌረዳ በመቀሷ ሰንጥቃ አየችው፤ ቅጠል በቅጠል ላይ፣ እስከ ውስጥ ድረስ ቅጠል። «ልብሱ ብዙ ነው፣ ሰውየው ግን የለም» አለች። እትዬ ሐዋ ትንሽ ቅር አላቸው፤ ጽጌረዳውን ግን አልነቀሉትም፣ ለሰው ይሁን ብለው ተዉት።

ከዚያ በኋላ ግቢያችን የሰፈሩ መነጋገሪያ ሆነ። ጎመናችን እንዲያረጅና ቢጫ አበባ እንዲያወጣ ሲተው፣ ጎረቤቶች እናቴ የታመመች መስሏቸው ሊጠይቋት መጡ። በሶብላውን እኩሌታውን ለበርበሬ ትቀጥፍና እኩሌታውን ለንብ ትተዋለች፤ ድልህ የምታዘጋጅ ዕለት ግን ለንብ ወደተተወው እጇ ሲሄድ እትዬ ሐዋ በአጥሩ ላይ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። በጥር፣ ሣሩ ሲደርቅ፣ በጓሯችን ጥግ ያለው ግራዋ ነጭ አበባውን ሲያፈነዳ ዛፉ በሙሉ በንብ ይጮኽ ነበር። የጠላ ጋን የምናጥብበት ያ መራራ ቅጠል እንዴት ማር እንደሚወጣው ስላልገባኝ አበባውን ላስኩት፤ ጣፋጭነቱ ሳይሆን ምሬቱ እስከ ማታ ምላሴ ላይ ቆየ፣ ጥያቄዬም እንዳለ ቀረ። በየካቲት የኮካችን ሮዝ አበባ ተራውን ይይዛል። በበልጉ ዝናብ ሜዳው ራሱ ይመግባቸዋል። ግንቦት ላይ ደግሞ፣ ግቢ ያቆሽሻል ተብሎ ሊቆረጥ የነበረው የእትዬ ሐዋ ብሳና ያብባል፤ አንድ ቀን ሥሩ ጋደም ብዬ ድምፁን ስሰማ እንቅልፍ ወስዶኝ ሲፈልጉኝ ዋሉ።

ባዶ የቀረው ሐምሌ ነበር። ከደሴ ዙሪያ አትክልት ይዘው የሚመጡ ሴቶች ባቄላ ንብ ይወዳል ብለው ነግረውናል፤ ችግሩ የሚያብበው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። «ቀድመን ብንዘራውስ?» አሉ እትዬ ሐዋ። «በበልጉ ርጥበት። ለእህል እኮ አይደለም፣ ለአበባው ነው።» የጋሽ ይመር አሮጌ ጎማዎች ተከምረው የኖሩበትን መሬት በራሳቸው እጅ ጠረጉት። ጎማዎቹን ሲያነሱ አንድ በአንድ በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር ያስቀመጧቸው። ሚያዝያ ላይ ባቄላው ተዘራ፤ ሰኔ ሲያልቅ ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው አበባ ብቅ አለ፤ ሽታው በአጥሩ አልፎ እስከ መኝታችን ይመጣ ነበር።

ያን ዓመት በረዶ ጣለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጣሪያው እስኪያደነቁረን ድረስ ተመታ፤ ሲያባራ ባቄላው ጭቃ ላይ ተኝቷል፣ አበባው ከበረዶው ጋር ተቀላቅሎ ነጩን ከነጭ መለየት አይቻልም። ብዙም ሳይቆይ ንቦቹ ሄዱ። እናቴ፣ እትዬ ሐዋ እንደገና በሩን ይዘጋሉ ብላ ፈርታ በአጥሩ ሾልካ ገባች። እሳቸው ግን የወደቀውን ባቄላ እየለቀሙ ለበግ ያከማቹ ነበር።

«የዘንድሮውን ምክንያት አውቀነዋል» አሏት። «በረዶ ነው። ቤቱን ጠልተው አይደለም።»

መስከረም ላይ እንደገና ሌላ መንጋ ገባ፤ በዓመቱ ባቄላውን በአንድ ጊዜ አልዘሩትም። ከፊሉን ቀደም አድርገው፣ ከፊሉን አዘግይተው፣ ጥቂቱን ደግሞ በረዶ በማያገኘው የግድግዳ ጥግ ዘሩ፤ ዱባም ተክለው ሐረጉን ወደ ጣሪያው መሩት። አጥሩ ለመመላለስ ስላስቸገረ መሃሉን ፈተው ጣሉት። ያ ክረምት ከባድ ነበር፤ ፀሐይ ሳናይ የሰነበትንበት ጊዜ ብዙ ነው። በነሐሴ አንድ ቀትር ላይ ደመናው ተገለጠና ጓሮው በእንፋሎት ተሞላ፤ ሦስታችንም ሳንጠራራ ወጣን። ከቀፎው አፍ አንዲት ብቅ አለች፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ከዚያ ተከታትለው ወጥተው ባቄላው ላይ ሰፈሩ። የዱባው ቢጫ አበባ ውስጥ ገብተው ዱቄት የነካቸው መስለው ይወጣሉ። እትዬ ሐዋ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያም ቀፎውን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ እያዩ፣ ልክ ሰው እንደሚያናግሩ፣ «በልተዋል፣ ይመር» አሉ።

መስከረም ሲጠባ ቀፎው ሙሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓመታት አልፈው እኔ አድጌ ለሥራ ኮምቦልቻ እስክወርድ ድረስ ንቦቹ አንድም ክረምት አልሄዱም።

የሄዱት እትዬ ሐዋ ናቸው። የደሴ ብርድ ጉልበታቸውን ስለያዘው ሰይድ ወደ ሞቃቱ ወደ ኮምቦልቻ ወሰዳቸው፤ ቤቱም ተሸጠ። ቀፎውን ይዘው እንዲወርዱ ቢለመኑ እምቢ አሉ። «ምግባቸውን የሚያውቁት እዚህ ነው፤ አንቺ ጋ ይሁኑልኝ» ብለው ለእናቴ ሰጧት፤ ወደ እኛ ጣሪያ ሥርም ተዛወረ። ቤቱን የገዛው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ፎቅ ነው የሚሠራው፣ ፎቅ ደግሞ ባቄላ አያውቅም። ብሳናው ተቆረጠ፣ የባቄላው መሬት ለመሠረት ተቆፈረ። ለካስ ሳናስበው ዓመቱን ለሁለት ተካፍለነው ኖረናል፤ በጋው በእኛ ግቢ ነበር፣ ክረምቱ በእሳቸው። እናቴ ባቄላ በጣሳም በባልዲም ሞከረች፤ የፎቁ ጥላ አላሳድግ አለው። ሐምሌ ላይ ንቦቹ ወጥተው ሄዱ። መስከረም ሌላ መንጋ መጣ፤ ሐምሌ ያም ሄደ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ቀፎውን አውርዳ መልሳ አልሰቀለችውም።

እኔ ጋ በመጣች ቁጥር እትዬ ሐዋን ለመጠየቅ እንሄድ ነበር። እርጅናው ቢጫናቸውም ወሬያቸው የሰላ ነው። አንድ ጊዜ፣ ቀፎው ከወረደ በኋላ ስንሄድ፣ ገና ሳንቀመጥ ጠየቁ።

«ንቦቼ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ እትዬ ሐዋ» አለች እናቴ።

«ክረምቱን አለፉት?»

«አለፉት።»

«ሐምሌን ምን በሉ?»

እናቴ እጇን እያየች፣ «ባቄላውን» አለች።

እትዬ ሐዋ ቀና ብለው አዩዋት። የባቄላው መሬት የእሳቸው ነበር፤ መሠረት እንደተቆፈረበትም ሰይድ ነግሯቸዋል። የእናቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «አብሽሪ፣ አስካልዬ» አሉ። «አልሀምዱሊላህ፣ ከጠገቡ ይበቃል።»

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ ክንዴን ያዘች። «አውቀውብኛል» አለችኝ።

ሁለቱም አሁን የሉም። ደሴ ስወጣ በሰፈሩ አልፋለሁ፤ የእኛም ግቢ በሊሾ ተሸፍኗል፣ ንጹሕና የሚያምር ነው። ሰው የልጅነት ቤቱን ሲያጣ ምን እንዳጣ ለመናገር ይቸግረዋል፤ እኔ ግን ያጣሁትን በወር በወሩ መቁጠር እችላለሁ፦ በጥር ግራዋውን፣ በየካቲት ኮኩን፣ በግንቦት ብሳናውን። ሐምሌ ላይ ስደርስ ባቄላውን ሳልጠራ አቆማለሁ።