ከገደሉ ሥር የተገኘው ሰዓት

ማሬ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ሰዓት ትጠግናለች። ባትሪ የማይሻውን፣ ሲወዘወዝ የሚሞላውን የጃፓን ሲኮ ሰዓት ከአሮጌው እስከ አዲሱ ሰብስባ ማስተያየት ትወዳለች። ወንድሟ ጌታነህ ከእነዚህ አሮጌውን አስሮ ወደ ስማዳ እንደወረደ ጠፍቷል።

አንድ ቀን የስማዳው ነጋዴ አጥናፉ መስታወቱ የተሰነጠቀ ሲኮ አመጣላት።

«እህቴ፣ ገደል ሥር ከተገኘ ሬሳ እጅ ላይ የወጣ ነው። ሰውየውን መለየት አልተቻለም» አላት።

መልኩ ቁርጥ የጌታነህን ሰዓት ነው። ወዘወዘችው፤ መሄድ ጀመረ። የጎኑ መሙያ ቁልፍ ሲሳብ የአሮጌው ሰከንድ ቆጣሪ መሄዱን አይተውም፤ የአዲሱ ግን ይቆማል። መሙያውን ሳበችው።

ቆመ።

«የእሱ አይደለም! ተመስገን!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ሟቹም የእናት ልጅ መሆኑ ታሰባትና አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች።