እሑድን ያልጠበቀ ፊልም

ከፊልም ጋር ተከራክራችሁ ታውቃላችሁ? «ተው፣ አትሂድ!» ብላችሁ ወይም «ይህስ አይሆንም» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ? እኔ አርባ ከሚሆኑ ሰዎች ጋር ሆኜ እንዲህ ያለ ክርክር ሰምቻለሁ፤ ቦታው ግን ሲኒማ ቤት አልነበረም።

ከሐሙሲት ወደ ወረታ ስመለስ ነው ፖሊሶች ከሚኒባስ አውርደው ያሰሩኝ። በያዝኩት ፌስታል ውስጥ የማስተምራቸው የዘጠነኛ ክፍል ልጆች የጂኦግራፊ ፈተና ወረቀቶች ነበሩ፤ ገና ግማሹን ነበር ያረምኩት። መርማሪው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠና፣ «ይህ ልጅ የጣናን ጥልቀት ተሳስቷል» አለኝ።

«ገና አላረምኩትም» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ስለ ፈተናው አልጠየቀኝም።

ያስገቡኝ ቀድሞ የሩዝ መጋዘን ወደነበረ አዳራሽ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነበር፤ በስንጥቁ ሁሉ የሩዝ ገለፈት ተሰግስጎ በተኛን ቁጥር ጀርባችንን ይበላናል። መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ የፎገራ ሜዳ አይታይም፤ የከብቶቹ ድምፅ ግን ይሰማል። ከቁሐር ሚካኤል የመጡት ገበሬዎች ጆሯቸውን ቀስረው፣ «ይቺ የወለደች ናት፣ ጥጃዋን እየጠራች ነው» ይባባላሉ። ይገርማችኋል፣ ከዚያ ቤት ዛሬም የሚናፍቀኝ አንዱ ይህ ነው።

በቀዳም ሹር ረፋድ ላይ አንድ ጠባቂ ፖሊስ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ገባ። ስለ ጌታ ትንሣኤ የተሠራ የውጭ አገር ፊልም በፍላሽ ይዟል። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ነገ ለክበባችን ይፈለጋል» አለ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንድተረጉም እኔን መረጡኝ። በቴሌቪዥኑ ጎን፣ ፊቴን ወደ ሰዎቹ አድርጌ ቆምኩ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ስለዚህ ከመተርጎም አልፌ የገሊላ ባሕር ከጣና በጣም እንደሚያንስ ሁሉ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ታንኳቸው ከደንገል አይደለም?» አለ ከቁሐሮቹ አንዱ፣ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ።

«ከእንጨት ነው።»

«ኧረ ይሰምጣል!»

ጲላጦስ እጁን ሲታጠብ ሌላው፣ «እሱስ መታጠቡን አውቆበታል፤ የእኛዎቹ ዳኞች እሱንም አያደርጉትም» አለ። ፖሊሱ ሳቁን ለመደበቅ አስመስሎ ሳለ። ጴጥሮስ እሳት እየሞቀ «ሰውየውን አላውቀውም» ያለ ጊዜ ግን ማንም አልቀለደም። ሁላችንም «እገሌን ታውቀዋለህ?» ተብለን ከተጠየቅንበት ክፍል የመጣን ነን። ጥቂቶች ወለሉን ያዩ ነበር። ሦስተኛውን ክህደት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተረጎምኩት።

ስቅለቱ ሲደርስ ሁሉም ከተቀመጡበት ተነሡ፤ የተከናነበም ራሱን ገለጠ። ቀጥሎ ድንጋዩ ወደ መቃብሩ አፍ ተንከባለለ፤ ወታደሮችም ደጁ ላይ ቆሙ።

«ለሞተ ሰው ዘብ!» አለ ባለ ጋቢው። «እኛማ በሕይወት አለን፤ ቢጠብቁን አይፈረድባቸውም።»

ሳቁ ሳያልቅ አብረውን የታሰሩት ቄስ እጃቸውን አነሡ። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት እሳቸው ናቸው፤ ከሐሙስ ጀምሮ እህልም ውሃም አልቀመሱም።

«አቁመው፣ መምህር።»

«ምነው አባታችን? ዋናው እኮ ገና ነው።»

«እሱን ብዬ ነዋ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ጌታ በመቃብር ነው። ቀድመን ልናስነሣው ነው?»

ፖሊሱ ፊልሙን አቆመው። እኔ እንደ ልማዴ በቅደም ተከተል ማስረዳት ጀመርኩ፤ አንደኛ፣ ይህ ተዋንያን የሠሩት ነው፤ ሁለተኛ፣ መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሦስተኛ፣ ነገሩ ከሆነ ስንት ዘመን...

«ለአንተ ያለፈ ነው፤ ለእኔ ዛሬ ነው» አሉኝ።

ሦስተኛውን አልጨረስኩትም።

ከበሩ አጠገብ «እኔ ነገ እዚህ የለሁም» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ብረት ሠሪው ነበር፤ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚወሰድ ጠዋት ተነግሮታል። ወዴት እንደሆነ አልነገሩትም፤ ከእሱ በፊት ከተወሰዱትም ወሬ አልመጣልንም። ቀጥቃጭ ነው ብለው ከእሱ ጋር በአንድ ትሪ የማይበሉ ሰዎች በመካከላችን ነበሩ፤ ባለ ጋቢው አንዱ ነው።

«ሳልሄድ፣ ሲነሣ ልየው ብዬ ነው» አለ ብረት ሠሪው።

«ለአንድ ቀጥቃጭ ተብሎ ጾማችን ይፍረስ?» አለ ባለ ጋቢው።

«ማረሻህን ማን ነው የሠራልህ?» አሉት ቄሱ።

ቄሱ መስቀላቸውን በጣታቸው እያሻሹ አሰቡ። ሁሉም የሚጠብቀው እሳቸውን ነው።

«መንገደኛና በሽተኛ ጾም አይጸናበትም» አሉ በመጨረሻ። «እሱ መንገደኛ ነው፤ ይየው። እኛ መንገድ የለብንም፤ ፊታችንን እናዙር።»

አርባ ሰው ወደ ግድግዳው ዞረ። ባለ ጋቢው የዞረው ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ ዞሮም ተከናነበ። ፖሊሱ ፊልሙን አስጀመረና እሱም ወደ በሩ ዞረ። ጿሚ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

«እኔስ አባታችን? ማን ይተርጉምለት?»

«አንተ እሱን እያየህ ተርጉምለት።»

ለቴሌቪዥኑ ጀርባዬን ሰጥቼ ከብረት ሠሪው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሴቶቹ በመንገድ ላይ ስለ ድንጋዩ ሲጨነቁ ተረጎምኩለት። ከዚያ በኋላ ንግግር የለም። ሙዚቃው እንኳ ቆመ። የማስረዳው ነገር አጣሁ፤ ያለኝ የእሱ ፊት ብቻ ነው። ብርሃን መጣበት፤ ምድጃ ፊት መቀመጥ እንደለመደ ሰው ዓይኑን አጠበበ እንጂ ፊቱን አላሸሸም። ፍንጣሪ የጠባበሰው እጁን አንሥቶ አፉን ያዘ። ቆይቶ ፈገግ አለ። ምን አይቶ እንደሆነ አላውቅም።

«አለቀ?» አለ ባለ ጋቢው ከግድግዳው በኩል።

«አለቀ።»

ሁሉም ዞሩ። ባለ ጋቢው አላስቻለውም። «እንዴት ነው? እንዴት አድርገው አስነሡት?»

ብረት ሠሪው ሊነግረው እንደፈለገ ያስታውቃል። ቄሱን አየ፤ እኛን አየ።

«ነገ ነው» አለው። «ነገ ታዩታላችሁ።»

ነገ ቴሌቪዥኑ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን። እሱም ያውቃል። ጾማችንን ጠበቀልን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስሙ ተጠራ። ልብሱን ያጨቀበትን ማዳበሪያ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ባለ ጋቢው ቀድሞት ደረሰ። «ስጠኝ፣ አያ» ብሎ ከእጁ ተቀበለና እስከ በሩ ያዘለት። ከዚያ ማለፍ አልተፈቀደለትም።

ከተፈታሁ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አስተምራለሁ፤ ፈተናም አርማለሁ። ስለ ብረት ሠሪው ብዙ ሰው ጠይቄ እስካሁን የሰማሁት የለም። በገበያ ቀን በማረሻ ተራ ሳልፍ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት አያለሁ። ፊልሙን አንድ ባልደረባዬ ስልኬ ላይ ጫነልኝ፤ መጨረሻውንም አየሁት። በደንብ ተሠርቷል። ግን ያን ቀን ያየሁትን አላገኘሁበትም።

በመጪው ፋሲካ ከቤተሰብ ጋር ተሰብስባችሁ ፊልም ስታዩ፣ መጨረሻው ሲቃረብ ዓይናችሁን አንሡና አጠገባችሁ ያለውን ሰው እዩት። አታናግሩት፤ ምንም አታስረዱት። እስኪጨርስ ድረስ ብቻ እዩት።