የሐያት ጽሑፍ የጠፋበት ጉባኤ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመሐል ሜዳው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት የካርድ መሳቢያና ኩርፊያ የማያልቅባቸው አንዲት አለቃ ነበሩት። ወይዘሮ ዘነበች ይባላሉ። ካፖርቴን ሳላወልቅ አንድ መጽሐፍ አስጨበጡኝና፣ "ይህን ቁጥር አየኸው? መጽሐፉ መደርደሪያ ቢቀይር ቁጥሩ አይነካም። ከነካኸው ተጣላን" አሉኝ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ገብቶ ነበር። የኮሌጁን መጽሔት በድረ ገጽ የማወጣው እኔ ሆንኩ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ዓለም አቀፍ መዝጋቢ ዘንድ ቋሚ መለያ ቁጥር ይመዘገብለታል። ጽሑፉን የጠቀሰ ሰው ቁጥሩን በዋቢው ላይ ያሰፍራል፤ አንባቢ ሲጫነው ጽሑፉ ይከፈትለታል። ጽሑፉ ወደ ሌላ ገጽ ከተዛወረ፣ መዝጋቢው ዘንድ ገብቶ አድራሻውን ብቻ ማስተካከል ነው። የሁሉም ጽሑፎች ቢሆን ግማሽ ቀን አይፈጅም።

አምና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችን ጉባኤ እንድናስተናግድ ተመረጥን። አዲሱ ዳይሬክተራችን አቶ ሰሎሞን ባነር አሠሩ፣ ቲሸርት አሳተሙ፣ እንግዶቹን ከደብረ ብርሃን የሚያመጡ ሚኒባሶች ያዙ። ቀጥሎ ድረ ገጹ ላይ ወረዱበት።

"እንግዳ ፊት በዚህ አሮጌ ነገር አልቀርብም" አሉ። "ድረ ገጹም ይቀየር፤ የጽሑፎቹም ቁጥር አብሮ ይታደስ።"

ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነገርኳቸው። "አቶ ሰሎሞን፣ የድሮውን ቁጥር ሰው ጠቅሶታል። ገጹን አንሥተን ለጽሑፉ ሌላ ቁጥር ከሰጠነው፣ የድሮው የትም አያደርስም።"

"አንተ ደግሞ ሁሌ ችግር ታወራለህ! እንግዶቹ ሊገቡ ሁለት ሳምንት ነው የቀራቸው። አድርግ ተብለሃል፣ አድርግ።"

አደረግኩት። የድሮዎቹንም ቁጥሮች ወደ አዲሱ ገጽ ሳልመራ ተውኳቸው።

ሐያት የኮሌጃችን መምህርት ናት፤ የዓለም ከተማ ነጋዴ ልጅ። ሦስት ክረምት ከፈታዮችና ከሸማኔዎች ጋር ተቀምጣ ባና ስለሚባለው የመንዝ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ አሠራር የጻፈችው ጥናት በመጽሔታችን ወጥቷል። በዚያ ጥናት ውጭ አገር ለዶክትሬት ትምህርት አመልክታ ነበር። ማመልከቻዋ ላይ ያሰፈረችው የድሮውን ቁጥር ነው።

ጉባኤው አማረ። በሁለተኛው ቀን፣ በሻይ ሰዓት፣ ሐያት ስልኳን ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ ይህን ይዩልኝ" አለችኝ። ከውጭ አገሩ ዩኒቨርሲቲ የመጣላት መልእክት የጠቀሰችው ጽሑፍ ሊገኝ ስላልቻለ ማመልከቻዋ አልተመዘነም ይላል። ቁጥሩን ተጫንኩት። ገጹ አልተገኘም።

"ያልጻፈችውን ጻፍኩ ብላ ዋሸች ነው እኮ የሚሉኝ!" አለች።

ስልኩን እንደያዝኩ አቶ ሰሎሞን ዘንድ ሄድኩ። "ታዲያ በአዲሱ ቁጥር ይፈልጉታ! ጽሑፉ እንደሆነ አለ" አሉኝ።

"አዲሱን ቁጥር ማን ነገራቸው? እርስዎ በየአገሩ እየዞሩ ዋቢ ሊያርሙ ነው?" ብዬ ጮኽኩ። እንግዶቹ ሁሉ ዞረው አዩን። "በሰው ፊት አታዋርደኝ" አሉ። ስለ ሐያት አንድ ቃል አልተናገሩም።

እዚያው እንግዳ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ የድሮዎቹን ቁጥሮች ወደ አዲሶቹ ገጾች መራኋቸው። ለምሳ ሳንነሣ አለቀ። ጥፋቱ የእኛ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤም ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩ። አቶ ሰሎሞን "የኮሌጁን ስም አላስነሣም" ብለው ማኅተም ከለከሉኝ። በራሴ ስም ላክሁት። ጊዜው አልፏል፣ በሚቀጥለው ዓመት ታመልክት የሚል መልስ መጣ።

መልሱን ለሐያት ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው።

"አቶ ሰሎሞንስ ሥራውን አያውቁትም" አለችኝ። "እርስዎ ግን ያውቁ ነበር።"



ወጣቶቹ የሙያ ባልደረቦቼ ስለዚያ ጉባኤ ሲጠይቁኝ ይህን እነግራቸዋለሁ። ስህተት መሆኑን እያወቃችሁ የሠራችሁት ሥራ፣ ያዘዘው ማንም ይሁን ማን፣ የእናንተ ስህተት ነው።